በወረቀት የጻፍሁት ግዝት

አንኮበር፣ ኅዳር 5 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይህን ለምታነቡ ሁሉ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ለተጊዮርጊስ እባላለሁ። የቄስ ገብረ ጻድቅ ሚስት ነበርሁ፤ ዛሬ ባሌም ሁለቱ ልጆቼም የሉም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜዬ አርባ አምስት አልፎ ነበር። ጽሕፈቴ ቀርፋፋ ስለሆነ ታገሡኝ።

መርዶው የደረሰኝ ኅዳር 14 ቀን 1977 ዓ.ም. ማለዳ ነው። ጭጋጉ ገና ከገደሉ አልተነሣም ነበር። በሩን ስከፍት የነፍስ አባቴ አባ ገብረመንፈስቅዱስ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አንድም ሰው እንደምን አደርሽ አላለኝም። የመጡበትን ያወቅሁ መሰለኝና ልጄ ይመኙሻል ታሰረች አይደል ብዬ ጠየቅኋቸው። ለእስር ተዘጋጅቼ ነበር። በሶ ፈጭቼ፣ ብርድ ልብስ አጥቤ፣ በአንድ ከረጢት አድርጌ ከበሩ አጠገብ ከሰቀልሁት አራት ወር ሆኖት ነበር። ወደ ከረጢቱ ስዘረጋ አባ እጄን ያዙት።

"ስንቅ አያስፈልጋትም፣ ለተጊዮርጊስ። ይመኙሻል አርፋለች።"

ማን ገደላት አልሁ። ማንም አልገደላትም፣ ራሷ የሠራችው የመርፌ ማምከኛ ፈንድቶባት ነው አሉኝ። አላመንሁም። እኔ የምፈራው ሰው ነበር። የጫማ ኮቴ፣ የመኪና ድምፅ፣ የቀበሌ መጥሪያ ነበር የምፈራው። ዕቃ ይገድላታል ብዬ አንድ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ይመኙሻል የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ ነበረች። ስትሞት መሥሪያ ቤቷ ጥፋቱን በእሷ ላይ አደረገው፤ የነደፈችው እሷ፣ ደህና ነው ብላ የፈረመችው እሷ ተባለ። እዚህ ገበያ ላይም እስከ ዛሬ "በገዛ ድስቷ የሞተችው" የሚሏት አሉ። ሰባተኛ ዓመቷ ስለደረሰ የተጻጻፍነውን ከዚህ በታች በቀኑ ቅደም ተከተል ገልብጫለሁ። እኔ የላክሁላትንም፣ ከመጀመሪያው በቀር፣ ከዕቃዋ ጋር መልሰውልኛል። ፖስታ ቤት ስለምንፈራ ደብዳቤዎቹን የምታመላልስልን የአልዩ አምባዋ ነጋዴ ሲቲ ነበረች። የሚያሳፍረኝንም ቢሆን አልቀነስሁም።

---

አዲስ አበባ፣ ጥር 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

እማዬ፣

ጉልበትሽን እስማለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱም እንደ አንኮበር አይደለም። ደብዳቤሽን ሲቲ ከበርበሬ ከረጢት ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሳነበው እያስነጠሰኝ ነው። በጽሕፈቴ እንዳትስቂ ብለሻል። ስቄአለሁ፤ ግን ከደስታ ነው። "ይመኙሻል" የሚለውን ስም በእናቴ እጅ ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ለጠየቅሽኝ መልሱ፣ አይደለም። ቦምብ አይደለም የምሠራው። ለጠየቁሽ ሰዎችም ይህንኑ ንገሪያቸው። ወፍራም የብረት ድስት ነው፣ ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ። መርፌና መቀስ ይገባበታል፣ ከሥሩ እሳት ይነድዳል፣ እንፋሎቱ ጀርሙን ይገድለዋል። ማምከኛ ይባላል።

ጀርመን አገር አምስት ዓመት የተማርኩባቸው መሣሪያዎች ሁሉ መብራት የሚፈልጉ ናቸው። ከተመለስኩ በኋላም ሁለት ዓመት የራጅ ማሽን ስጠግን ኖርኩ። የገጠር ጤና ጣቢያዎችን ሳይ ግን መብራት የት አለ? ስለዚህ በእንጨትም በላምባም የሚሠራ ነደፍኩ። ሦስቱን ሠርተን አበላሽተናል፤ አራተኛው ተሳክቷል።

መርፌውን በተራ ድስት መቀቀል ምን አነሰው ላልሽው፣ ባቄላሽን አስቢ። አንቺ ግማሽ ቀን ትቀቅዪዋለሽ፤ ሲቲ ቆላ ላይ ቶሎ ይበስልላታል። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ የቆላውን ያህል አይግልም። ባቄላ ማብሰል ያቃተው ውሃ ጀርምም አይገድልም። ክዳኑ ጠብቆ እንፋሎቱ ሲታመቅ ግን ውሃው ይበልጥ ይግላል። ለደጋ ሰው የታሰበ ዕቃ ነው፣ እማዬ። ያሰብኩት አንቺ ቤት ምድጃ ዳር ነው።

ክዳኑ ላይ አውራ ጣት የምታህል መተንፈሻ አለች፤ ቫልቭ እንላታለን። በውስጧ ሞላ፣ ማለትም የተጠመጠመ ሽቦ አለ። እንፋሎቱ ከልኩ ሲያልፍ ሞላው ይሸሽና ቫልቯ ትሽ ብላ ታስተነፍሳለች። ወልደተንሣኤ የሚባል በያጅ አለን፤ የድስቷ አፍንጫ ይላታል። አፍንጫው ከተደፈነ ድስት ራቂ ብሎ ይመክረኛል፣ ነዳፊዋ እኔ መሆኔን ረስቶ።

ልጅሽ ይመኙሻል

---

አንኮበር፣ መጋቢት 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለይመኙሻል፣

የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ ከአንቺ ጋር ይሁን። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ይጠላል። ይህን የጀመርሁት ሐሙስ ነው፤ ዛሬ ሰኞ ነው።

የባቄላውን ነገር ለቀበሌው ሊቀመንበር ነገርሁት። ሳቀና በመዝገቡ ላይ ድስት ብሎ ጻፈ። ሲቲም፣ ልጅሽ አምስት ዓመት ጀርመን ተቀምጣ የእኛን ባቄላ አወቀችልን ብላ ገበያውን ስታስቅ ዋለች።

እኔ ግን ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም። ድስት ከሆነ ምን ያስጠይቃል? ከውጭ አገር ደብዳቤ የሚጽፍላት ሰው አለ ወይ ብለውኛል። የለም ብያለሁ። ካለም እንዳይጽፍልሽ አድርጊ። ስብሰባ ላይ ከፊት አትቀመጪ፣ ከኋላም አትቀመጪ። ሲያጨበጭቡ አጨብጭቢ።

ስለ ወንድምሽ ስለ ዘርአ ዳዊት በሲቲ በኩል የጠየቅሽኝን በዚህ ወረቀት አልመልስም። ይቅር በይኝ።

እናትሽ ለተጊዮርጊስ

---

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

እማዬ፣

ለአራት ወር ዝምታዬ ይቅርታ። አሞኝ አይደለም። ሲቲ ከስተሻል ያለችውም እውነት ነው፤ የምልሽን እስክታነቢ ድረስ ግን አትደንግጪ።

የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ማምከኛዎች ለአሥረኛው የአብዮት በዓል እንዲደርሱ ታዘዋል። ለተጉለት፣ ለመንዝና ለይፋት ጤና ጣቢያዎች ነው የሚሄዱት፤ ደጋው ይቅደም ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ። ለቫልቩ የሚሆነው የማይዝግ ሞላ ግን ከውጭ ታዝዞ አልደረሰም። ሥራ አስኪያጃችን ከአልጋ ሞላ አስቆርጦ አስጠመጠመ። እንፋሎት ላይ ይዝጋል ብዬ ብነግረው፣ ሰው እንቅልፉን ያመነውን ሽቦ ድስት አያምነውም ወይ አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ አሁን ያ ፈገግታ ይቆጨኛል።

አንዱን ከግቢያችን ጥግ በአሸዋ ከረጢት ከልዬ ሞከርኩት። ሠላሳ ጊዜ በደንብ ቀቀለ። በሠላሳ አንደኛው ሞላው ዝጎ ተጣበቀ፣ ቫልቩ አልተነፈሰም። ክዳኑ የጣሪያውን ቆርቆሮ በስቶ የጎረቤት ጎመን ላይ ወደቀ። ሰው ቢኖር ኖሮ የምጽፍልሽ ሌላ ነበር።

ጤና ጣቢያዎቹ በሳምንት ሦስት ቀን ቢቀቅሉ፣ ሠላሳው በአሥር ሳምንት ያልቃል። ይህን ጽፌ ሰጠሁ። የፍተሻው ወረቀት ላይ የእኔ ፊርማ ከሌለ ዕቃው ከግቢ አይወጣም። ሥራ አስኪያጁ በዓሉ ይለፍና ይታያል አለኝ። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ግን ሳይቆጣ ነው የተናገረው፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

"ጓድ ይመኙሻል፣ የሕዝብን ዕቃ ለሕዝብ አላሳልፍም የሚል እጅ የማን እጅ ነው?"

ከዚያ ቀን ወዲህ ከወልደተንሣኤ በቀር ምሳ አብሮኝ የሚበላ የለም። ፊርማውን አልሰጠሁም። ልሰጥ አልችልም። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ቀዳዳ በየቀኑ አየዋለሁ።

ልጅሽ

---

አንኮበር፣ ነሐሴ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ፣

እንደምን አለሽ ማለት አቃተኝ። ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ይዞ መጣ። አልተቀመጡም። አንደኛው የአባትሽን መጻሕፍት አንድ በአንድ እየገለጠ አየ። ሌላው፣ ልጅሽ በሥራዋ ላይ ለምን እምቢ ትላለች አለኝ። አላውቅም አልሁ። ከዚያ፣ "የዘርአ ዳዊት እህት መሆኗን እናውቃለን" አለኝና ወጡ።

ስለ ወንድምሽ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል፤ ዛሬ እነግርሻለሁ። በ1970 ደብረ ብርሃን ላይ ሲይዙት የጓደኞቹ ስም ያለበት ወረቀት አቅርበው ፈርም አሉት። እምቢ አለ። አብሮት የነበረ ነው በኋላ የነገረኝ። ቢፈርም ይለቁት ነበር ብሎኛል። እኔ በየሳምንቱ በሶ ይዤ ደብረ ብርሃን እሄድ ነበር። አንድ ቀን በሶውን አንቀበልም ብለው ሸሚዙን ሰጡኝ። አንቺ ጀርመን ነበርሽ። ታሞ ሞተ ብዬ ያስጻፍሁልሽ ውሸት ነው።

ሁለተኛ ሸሚዝ አልቀበልም።

በጠባሽው ጡቴ፣ ዘጠኝ ወር በተሸከመሽ ሆዴ ገዝቼሻለሁ። ፈርሚ። ከፈረምሽም በኋላ ዕቃው ይፈነዳል ብለሽ ለማንም አፍሽን እንዳትከፍቺ፣ እኔ እናትሽ ፈታሁሽ እስክልሽ ድረስ። ግዝቴን ብታፈርሺ ጡቴ ይፍረድብሽ።

አባን አላማከርሁም። ቢያውቁ አይፈቅዱልኝም ነበር። ይቅር በይኝ።

እናትሽ

---

አዲስ አበባ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

እማዬ፣

ፈርሜአለሁ። እንግዲህ አትፍሪ።

ይመኙሻል

---

አዲስ አበባ፣ መስከረም 22 ቀን 1977 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሰሽ። ያለፈው ደብዳቤዬ አንድ መስመር በመሆኑ አዝነሽ ይሆናል። ከዚያ በላይ ብጽፍ የማልፈልገውን እጽፍ ነበር።

ማምከኛዎቹ ባንዲራ በለበሰ መኪና ወጡ። በሰልፉ ላይ ሰው አጨበጨበላቸው፤ እንዳልሽኝ እኔም አጨበጨብኩ። ሥራ አስኪያጁ ጨበጠኝ። ካድሬው በስሜ መጥራት ጀምሯል። ምሳ አብረውኝ የሚበሉም ተመልሰዋል። አሁን የማይበላው ወልደተንሣኤ ነው። ለምን እንደፈረምኩ ጠየቀኝ፤ እናቴ ገዝታኝ ነው አልኩት። አንገቱን ደፋና ሄደ፣ የሱም እናት በሕይወት አለችና።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ፈታሁሽ ብለሽ ጻፊልኝ። አንድ ቃል ናት። እሷን ይዤ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት እሄድና ፊርማዬ ስህተት ነው እላለሁ። ለየጤና ጣቢያው ቴሌግራም ይላካል፤ በአንድ ቀን ያበቃል። ሊያስሩኝ ይችላሉ፤ እስር ግን የሚከፈት በር አለው።

ግዝቱን ትቼ ዝም ብዬ መናገር እችል ነበር ትዪኝ ይሆናል። አልቻልኩም። ሁለት ጊዜ ከበሩ ደርሼ ተመልሻለሁ። ጀርመን የተማርኩት ሁሉ ጡትሽን አላስረሳኝም።

ልጅሽ

---

አንኮበር፣ ጥቅምት 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለይመኙሻል፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘንድሮ ገብሱ አልሰመረም፤ በረዶ መታው። ወደ ሰሜን ያለው ሰው ጨርሶ አጥቷል ይላሉ፤ በመንገዱ የሚያልፉትን ሳይ የእኛን ማማረር ትቻለሁ። የሲቲ ልጅ ጠይባ ልታገባ ነው፣ ጥሪው ደርሶኛል። የላክሽልኝን ሻሽ አስራለሁ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ሊቀመንበሩም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እናታችን ይለኛል።

ስለጠየቅሽኝ ነገር ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ዓይኔን አሞኛል።

ምግብ ብዪ።

እናትሽ

---

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 27 ቀን 1977 ዓ.ም.

እማዬ፣

ለዓይንሽ ምሕረት ያውርድልሽ። መልስ አልሰጠሽኝም፤ አልቀየምኩም። ወንድሜን ያጣሽው አንቺ ነሽ፤ በሶ ይዤ የሄድኩት እኔ አይደለሁም።

ግን ሳስበው፣ ያሰርሽው እጄንና አፌን ነው። እግሬን አላሰርሽም።

ከውጭ የታዘዘው ሞላ በዓሉ ካለፈ በኋላ ደረሰ። ወልደተንሣኤ አሥራ ሁለት ቫልቭ በቶርኖ ማሽን ቀርጾ አወጣልኝ፣ ሞላውን ገጠምንባቸው። ፈቃድ ጠየቅኩ። የይለፍ ወረቀት የሰጡኝ እናቴ ታማለች ስላልኩ ነው፤ ይህን ይቅር በይኝ። ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ተከራይቼ ከዚህ እየተነሣሁ አሮጌውን ቫልቭ በአዲሱ እቀይራለሁ። በደነባ በኩል ያሉትን ጨርሻለሁ፤ በጫጫ በኩል ያሉትንም እንደዚሁ። የአንዱ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ መሐንዲስ ጭቃ ሲነካት ዛሬ ገና አየሁ ብሎ እግሬን የማጥቢያ ውሃ አመጣልኝ።

ምክንያቱን ልነግራቸው አልችልም። ዓመታዊ ምርመራ ነው እላለሁ። ከመጣ ሁለት ወር ያልሞላው ዕቃ ምን ዓመት አለው አለችኝ አንዷ ነርስ፤ መፍቻዬን አንሥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰው ልኬ አትቀቅሉበት ማለትም አልችልም፤ እንዲህ ካልኩ ለምን ይላሉ። ስለዚህ ያለኝ መንገድ ቀድሜ መድረስ ብቻ ነው።

ስምንቱን ቀይሬአለሁ። አንዱን ስፈታው ሞላው ቀይ ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ፈሰሰ። የቀሩት አራቱ ከሰላ ድንጋይ ወዲያ ናቸው፤ መኪና የማይገባበት። ሠላሳ መድረሻቸውን በልቤ አስባለሁ፣ እግሬም ይፈጥናል። ፈርቻለሁ፣ እማዬ። ሰው አይደለም የምፈራው።

ስጨርስ አንኮበር እመጣለሁ። ያን ጊዜ አሞሻል ያልኩት ውሸት ተራ ጉብኝት ይሆንልኛል።

ልጅሽ

---

አንኮበር፣ ኅዳር 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ ይመኙሻል፣

ዓይኔን አላመመኝም። ዋሽቼሽ ነው።

ደብዳቤሽን ከተቀበልሁ ሳምንት ሆነኝ። በየቀኑ አነበብሁት፤ "ቀድሜ መድረስ ብቻ ነው" የሚለው ላይ ስደርስ አቆማለሁ። በጠይባ ሠርግ ላይ ሲቲ ምን ሆነሻል አለችኝ። ሁሉንም ነገርኋት፤ እሷ ለማንም አትናገርም። "ለተጊዮርጊስ፣ ልጅሽን ከሰዎቹ ደበቅሻት፣ ከድስቱ ግን አልደበቅሻትም" አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ይህን ልጽፍ ተቀመጥሁ።

ፈትቼሻለሁ። በጡቴም በሆዴም የገዘትሁሽን እኔው እናትሽ ፈትቼሻለሁ። ተናገሪ። ለወደድሽው ተናገሪ፣ ቴሌግራም አስደርጊ። ሰላ ድንጋይ ወዲያ በእግርሽ አትሂጂ። ቢያስሩሽ በሶው ተፈጭቷል፤ እየመጣሁ እጠይቅሻለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ።

ሲቲ ነገ ትነሣለች፤ ደብረ ብርሃን ካለሽበት ታደርስልኛለች።

የፈታሁሽ እናትሽ

---

አንኮበር፣ ኅዳር 9 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይህን ላነበባችሁ ሁሉ፣

ደብዳቤው በዚህ አበቃ። የቀረውን የነገረኝ ወልደተንሣኤ ነው። ለአርባዋ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ስለ እሱ ከደብዳቤዋ የማውቀው ተጫዋች ሰው መሆኑን ነበር፤ እዚህ ሁለት ቀን ሲቀመጥ ግን ፈገግ ሲል አላየሁትም። ሳትደብቅ ንገረኝ አልሁት፤ ነገረኝ።

ሲቲ ደብዳቤዬን ይዛ ደብረ ብርሃን የደረሰችው ኅዳር 11 ቀን ነው፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ዘገየች። ይመኙሻል ኅዳር 9 ቀን ማለዳ ወደ ሰላ ድንጋይ ተነሥታ ነበር። ኅዳር 10 ቀን ከዚያ ወዲያ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ደረሰች። የዚያ ቤት ድሬሰር ትጉህ ሰው ነው፤ ሌላው በሳምንት ሦስት ቀን የሚቀቅለውን እሱ አራት ቀን ይቀቅል ነበር። የክትባት ቀን ስለነበር እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ክፍሉን ሞልተውታል። ማምከኛው እሳት ላይ ነው። ድሬሰሩ ሲያያት ደስ ብሎት፣ ዛሬስ ድስቷ ጨዋ ሆናለች፣ ትንፍሽ አላለችም አላት።

ውጡ አለቻቸው። አልወጡም። ከሩቅ የመጡ ናቸው፣ ወረፋቸውን ማን ይለቃል? አንዷ እናት፣ እኛ ቀድመን ነው የመጣነው፣ አንቺ ማነሽ አለቻት። ይመኙሻል ያን ጊዜ ጥቂት ዝም አለች። ድሬሰሩ ለወልደተንሣኤ ሲነግረው፣ አንድ ሰው አባታችን ሆይን ሊጀምር ሲል የሚያርፋትን ያህል ነው ብሎታል። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

"ይፈነዳል። ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሩጡ።"

ሮጡ። ድሬሰሩም ሮጠ። እሷ የላምባውን ምድጃ ከሥሩ ልትስብ ጎንበስ አለች። ከእናቶቹም ከሕፃናቱም አንድ ሰው አልተነካም። የተቀበረችው እዚያው ነው፤ ሬሳዋን እንዳላይ የመከሩኝን ሰምቻለሁ።

ወልደተንሣኤ የሠላሳ አንደኛውን ፍተሻ ወረቀት ከመሳቢያዋ አውጥቶ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ወሰደው። የቀሩት ሦስቱ ጤና ጣቢያዎች ቴሌግራም ደረሳቸውና ዕቃውን አወረዱ። በአንድ ቀን ያበቃል ብላ ነበር፤ በአንድ ቀን አበቃ። እሱ ግን ከሥራው ተባረረ። ዕቃው ደህና ነው በሚለው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማም የይመኙሻል እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ ነው ይህን የጻፍሁት። እጇ ይፈርም እንጂ ያስፈረምኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ይህን ጮክ ብዬ ብናገር የሚመጣብኝ የለም። ያን ጊዜም ቢመጣብኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ሌላው ግን ከሰው ጋር የማይጨርሱት ነገር ነው። እኔ በወረቀት የፈታኋት ኅዳር 8 ቀን ነው። እሷ ግዝቴን አፍርሳ የተናገረችው ኅዳር 10 ቀን ነው። ደብዳቤው የደረሰው ኅዳር 11 ቀን ነው። የእናት ግዝት የሚፈታው ሲጻፍ ነው ወይስ ሲነበብ? ሲጻፍ ከሆነ ልጄ ነፃ ሆና ሄዳለች። ሲነበብ ከሆነ፣ የሰው ልጅ ለማዳን ስትል ግዝት አፍርሳ፣ እንደታሰረች ሄዳለች። ያቺ ጥቂት ዝምታ እኔ ነኝ። እሳቱ እየነደደ እኔን ስታስብ ቆማለች።

አባ ገብረመንፈስቅዱስን ጠየቅኋቸው። መጻሕፍት አገላበጡ፤ ሁለት ሱባዔም ገቡ። በመጨረሻም፣ "ይህን የሚነግረኝ መጽሐፍ አላገኘሁም፣ ለተጊዮርጊስ። ብቻዬን የማልችለው ስለሆነ ብዙ ሰው ይለምንላት" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በአሥር ቀን ቅዳሴ አስታጉዬ አላውቅም፤ ግን እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ያውም የገዘትኋት ሰው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ይህን ወረቀት ያነበበ ሁሉ፣ ቄስም ቢሆን፣ ተማሪም ቢሆን፣ በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ ፈርሞ የኖረም ቢሆን፣ ከማጠፉ በፊት አንድ ጊዜ ስለ ነፍሷ ይበል። እስላም የሆናችሁ በዱዓችሁ ይመኙሻል በሉ፤ ሲቲ ሰባት ዓመት እንዲሁ ስትል ኖራለች። ቤተ ክርስቲያን የምትስሙ የክርስትና ስሟን አንሡላት፤ ወለተሐና ነው። አቤቱ፣ የአገልጋይህን የወለተሐናን ነፍስ እናቷ ካሰረችባት ፍታት በሉልኝ።